መብራቱ አረንጓዴ፣ መስመሩ በሽተኛ፦ የአውስትራሊያ ግብር መሥሪያ ቤት ማከማቻ እንዴት ወደቀ

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 12 ቀን 2016፣ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 3 ቀን 2009፣ ሰኞ ዕለት የአውስትራሊያ ግብር መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ አልከፍት አለ። የግብር ወኪሎች የደንበኞቻቸውን ጉዳይ የሚያስፈጽሙበት መግቢያም ተዘጋ፤ ሠራተኞቹ የሚጠቀሙባቸው የውስጥ ሥርዓቶችም አብረው ተኙ። ጠላፊ አልገባም። የወደቀው ሲድኒ ውስጥ የተተከለ አንድ የመረጃ ማከማቻ ነበር፤ ሂውሌት ፓካርድ ኢንተርፕራይዝ ያቀረበው፣ ስሪ ፓር የተባለ መሣሪያ። ሥራ ላይ የዋለው በኖቬምበር 2015 ስለነበር ዕድሜው ገና አንድ ዓመት ነው።

መሥሪያ ቤቱ በጁን 2017 ባወጣው ሪፖርት ጥፋቱን በአንድ ምክንያት ላይ አልጫነም። ማከማቻውን የሚመግቡት የፋይበር ኬብሎች በሚገባ አልተገጠሙም፤ ተወጥረው ነበር። ዲስኮቹ ውስጥ ያለው ሶፍትዌር ጉድለት ስለነበረበት የተቀመጠው መረጃ ሊነበብ አልቻለም። የአቅራቢው የርቀት መከታተያ አልተከፈተም። የማከማቻው አወቃቀር ደግሞ ከጽናት ይልቅ ለፍጥነት ያደላ ነበር። እነዚህ አራቱ በአንድ ሌሊት ተገናኙ።

ስለዚህ ውድቀት ሲወራ ሰው ቶሎ የሚያነሣው ዲስኮቹን ነው። እኔን ያስቆመኝ ግን ሌላ ቁጥር ነው። ከውድቀቱ በፊት በነበሩት ስድስት ወራት 159 ማንቂያዎች በመከታተያዎችና በመዝገቦች ላይ ሰፍረው ነበር። ኋላ ከወደቁት ክፍሎች ጋር የሚያያዙ ቢያንስ 77 ክስተቶችም ከሜይ 2016 ጀምሮ በመሥሪያ ቤቱ የብልሽት መከታተያ ውስጥ ተመዝግበዋል። አቅራቢው ዝም ብሎ አልተቀመጠም፤ የተወሰኑ ኬብሎችን ቀይሯል። አደጋው ግን ባለበት ቀረ። ይህ ሁሉ ምልክት ግማሽ ዓመት ሙሉ እየታየ ማከማቻው በሥራ ላይ የቆየው ለምንድን ነው? መልሱ ያለው የፖርትና የመስመር ሁኔታን የሚገልጹት ቃላት ምን እንደሚናገሩና ምን እንደሚደብቁ በመረዳት ላይ ነው።

ፖርቱ ‹ኦንላይን› ሲል

ሰርቨሮችን ከማከማቻው ጋር በሚያገናኘው የማከማቻ መረብ ውስጥ ፖርት ማለት ኬብሉ የሚሰካበት ቀዳዳ ብቻ አይደለም፤ ብርሃን የሚልክና የሚቀበል፣ ከወዲያኛው ጫፍ ጋር የሚስማማ፣ ስሙን የሚያስመዘግብ ትንሽ መሣሪያ ነው። ሁኔታውም በደረጃ ይነበባል። ኬብል ከሌለ ወይም ከወዲያ ማዶ የሚመጣ ብርሃን ከጠፋ ብሮኬድ በተባለው አምራች ስዊቾች (የመረቡ ማገናኛ መሣሪያዎች) ላይ ‹ብርሃን የለም› የሚል ሁኔታ ይታያል። ብርሃን እየደረሰ ሁለቱ ጫፎች በአንድ ምት መሄድ ካልቻሉ ‹ስምም የለም› ይባላል። ተስማምተው ገና ካልተዋወቁ ሌላ ስም አለው። ትውውቁ ተጠናቆ መረጃ ማመላለስ ሲችሉ ብቻ ‹ኦንላይን› ይሆናል። በስሪ ፓር ማከማቻ ላይ ደግሞ የደህናው ፖርት ሁኔታ ‹ዝግጁ› የሚል ነው፤ ስምምነቱ ሲቋረጥ ‹ስምም ጠፍቷል› ይላል።

እነዚህ ሁሉ ትክክለኛ ቃላት ናቸው። ችግሩ የሚመልሱት ጥያቄ ጠባብ መሆኑ ነው። ‹ኦንላይን› ማለት በዚህች ቅጽበት ብርሃን አለ፣ ስምምነት አለ፣ ትውውቅ አለ ማለት ነው። ከአሥር ሰከንድ በፊት ምን እንደነበረ አይናገርም። ባለፈው ወር ስንት ጊዜ ወድቆ እንደተነሣ አይናገርም። የሚያልፈው መረጃ ሳይበላሽ ይድረስ አይድረስ አይናገርም። ስሙ ሲጠራ ‹አቤት› ያለ ሁሉ ጤነኛ ነው አይባልም።

የተወጠረ ወይም ከልክ በላይ የታጠፈ ፋይበር የሚያመጣው ጣጣ ከዚህ ቦታ ይጀምራል። መስታወቱ አይሰበርም፤ ብርሃኑ ግን በታጠፈበት በኩል ይፈስሳል። የብርሃን ኃይል በዴሲቤል ይለካል፤ የሦስት ዴሲቤል ቅናሽ ማለት የብርሃኑ ግማሽ ጠፋ ማለት ነው። ተቀባዩ ፖርት ደካማ ብርሃንም ቢሆን ማንበብ ይችላል፤ ስለዚህ ፖርቱ ኦንላይን ሆኖ ይቀጥላል። የሚቀየረው የስህተቱ ብዛት ነው። የማከማቻ መረብ የሚሠራበት የፋይበር ቻናል ደንብ የሚፈቅደው የስህተት መጠን ከአንድ ትሪሊዮን ቢት አንድ ነው። ይህ በጣም ጥቂት ይመስላል፤ በሰከንድ ስምንት ጊጋቢት በሚያልፍበት መስመር ላይ ግን ያለማቋረጥ ቢሠራ በየሁለት ደቂቃው አንድ ስህተት ይሆናል። ይህ እንግዲህ በደንቡ ድንበር ላይ ያለው፣ ‹ጤነኛ› የሚባለው መስመር ነው። ጥሩ ኬብል ከዚህ እጅግ ያነሰ ስህተት ያሳያል፤ የታጠፈው ከዚህ ሺህ እጥፍ ቢያሳይም ፖርቱ ከኦንላይን ላይወርድ ይችላል።

መረጃው በመስመሩ ላይ የሚጓዘው ፍሬም በሚባሉ ትንንሽ ጥቅሎች ነው፤ አንዲት የተበላሸች ፍሬም ምን ታደርጋለች? ብዙ የኔትወርክ ባለሙያዎች ግምታቸው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። በተለመደው የኢንተርኔት ግንኙነት የጠፋ ጥቅል በሚሊሰከንዶች ውስጥ እንደገና ይላካል። በፋይበር ቻናል የተለመደው የአገልግሎት ክፍል ግን ደረሰኝ የለውም። የተበላሸችው ፍሬም ትጣላለች፤ ላኪው አያውቅም። የሚያውቀው ከላይ ያለው የዲስክ ትእዛዝ ጊዜው ሲያልፍበት ነው። ሊኑክስ በተባለው የሰርቨር ስርዓተ ክወና ላይ የዚህ ጊዜ መነሻ 30 ሰከንድ ነው። ከአንድ ትንሽ ስህተት የተነሣ አንድ የዳታቤዝ ጥያቄ ግማሽ ደቂቃ ቆሞ ይጠብቃል፤ እርሱን የሚጠብቁት ሌሎች ጥያቄዎች ከኋላው ይሰለፋሉ። የተቆረጠ ኬብል ይህን አያደርግም። የተቆረጠው ወዲያው ‹ብርሃን የለም› ይላል፤ ሰርቨሩ በሴኮንዶች ውስጥ ወደ ሌላው መስመር ይዞራል፤ ተጠቃሚው ምንም ላያስተውል ይችላል። የማከማቻ መረብ ሞትን በደንብ ይችለዋል። የማይችለው ሕመምን ነው።

ከዚህ የከፋም አለ። በዚህ መረብ ላይ ላኪው ፍሬም የሚልከው ተቀባዩ ቦታ እንዳለው በፈቃድ ሲገልጽለት ብቻ ነው። ፈቃዱ ራሱ በዚያው በታመመው ኬብል ላይ ይመጣል። ፈቃዱ በመንገድ ሲበላሽ ላኪው አልደረሰኝም ብሎ ይጠብቃል፤ ተቀባዩ ሰጥቻለሁ ብሎ ይጠብቃል። የጠፋውን ፈቃድ የሚመልስ ዘዴ በመስመሩ ላይ ካልተከፈተ ፈቃዶቹ አንድ በአንድ እያለቁ፣ ኦንላይን የሆነ፣ አንድም ፍሬም የማይልክ ፖርት ይፈጠራል። እንዲህ ያለውን ፖርት በሁኔታ ዝርዝር ላይ ብቻ የሚፈልግ ሰው ዕድሜ ልኩን ቢፈልግ አያገኘውም። ያለው ስህተትን በሚቆጥሩት የፖርቱ ቆጣሪዎች ውስጥ ነው።

መስመሩ ‹ንቁ› ሲል

ፖርት አንድ ጫፍ ነው። መስመር ደግሞ ከሰርቨሩ ካርድ ተነሥቶ በስዊቹ አልፎ፣ በማከማቻው ኮንትሮለር (ዲስኮቹን በሚያዘው ክፍል) ገብቶ እስከ አንዱ የዲስክ ክፍል የሚደርስ ሙሉ መንገድ ነው። አንድ ሰርቨር ለአንድ የዲስክ ክፍል አራት ወይም ስምንት መስመር ቢኖረው የተለመደ ነው። እነዚህን አንድ ላይ አስሮ የሚመራው ሶፍትዌር መልቲፓዝ ይባላል።

በአንድ ማሽን ላይ ብዙ ምናባዊ ሰርቨሮችን በሚያስኬደው በቪኤምዌር ላይ መስመር ‹ንቁ›፣ ‹ተጠባባቂ›፣ ‹የታገደ› ወይም ‹የሞተ› ይባላል። በሊኑክስ ላይ የአንዱ መስመር ሁኔታ በሦስት ቃላት ይነበባል፤ አንዱ የሥርዓቱን ውሳኔ፣ ሁለተኛው የፈታሹን ውጤት፣ ሦስተኛው የዲስኩን ሁኔታ በከርነሉ (በስርዓተ ክወናው እምብርት) ዓይን ያሳያል። ማከማቻው ራሱም ስለ መስመሩ የሚናገረው አለው፤ ንቁና የተመረጠ፣ ንቁ ግን ያልተመረጠ፣ ተጠባባቂ፣ የማይገኝ፣ በሽግግር ላይ ያለ እያለ ይለየዋል። ንቁ ግን ያልተመረጠ መስመር አልተበላሸም፤ መረጃው የሚያልፈው ረጅሙን መንገድ ዞሮ በሌላው ኮንትሮለር በኩል ነው እንጂ። ይህን እንደ ብልሽት ቆጥሮ ሌሊት ሰው የሚቀሰቅስ ባለሙያ አለ፤ ሁሉም መስመሮቹ በድንገት ያልተመረጡ ሆነው ሲያይ ምንም እንዳልሆነ የሚያልፍም አለ። የኋለኛው የባሰ ነው፤ የተመረጡት መስመሮች የት ሄዱ የሚለው ጥያቄ ሳይነሣ ቀርቷልና።

ለሲድኒው ጉዳይ ግን ዋናው ነገር ፈታሹ ነው። መልቲፓዝ መስመሩ በሕይወት መኖሩን የሚያረጋግጠው በየጥቂት ሰከንዱ አንዲት አጭር ትእዛዝ በመላክ ነው፤ ‹ዝግጁ ነህ?› ትላለች፣ መልሱ ‹አዎን› ከሆነ መስመሩ ንቁ ይባላል። ያቺ ትእዛዝ በጣም ትንሽ ናት። ከሺህ ፍሬሞች አንዱን በሚያበላሽ ኬብል ላይ ብዙ ጊዜ በሰላም ታልፋለች። ቀጥሎ ምን ይሆናል? እውነተኛው ሥራ በመስመሩ ላይ ሲጫን ይሰናከላል፤ መስመሩ ‹ወድቋል› ይባላል፤ ፈታሹ መጥቶ ይጠይቃል፣ ‹ዝግጁ ነኝ› ይባላል፣ መስመሩ ወደ ሥራ ይመለሳል፤ ሥራው እንደገና ይሰናከላል። ዳሽቦርዱን በየሰዓቱ የሚያይ ሰው ያየው ሁሉ አረንጓዴ ነው። ማንቂያውን ያየ ደግሞ ‹ወድቆ ነበር፣ ተመልሷል› የሚል መዝገብ ያገኛል፤ ‹ተመልሷል› የሚለውም ቃል ጉዳዩን ይዘጋዋል።

159 ማንቂያ እንዴት ያለ እርምጃ ያልፋል የሚለው እንቆቅልሽ ለእኔ የሚፈታው እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ማንቂያ ለብቻው ሲነበብ ትንሽ ነው፤ አንድ ክፍል፣ አንድ ኬብል፣ አንድ ጊዜያዊ መቋረጥ። ኬብል ይቀየራል፤ ጉዳዩ ይዘጋል። ነገር ግን በአንድ ማከማቻ ላይ አንድ ኬብል ቢታመም አጋጣሚ ነው፤ ብዙ ኬብል በየተራ ሲታመም ያመመው ኬብሉ ሳይሆን አገጣጠሙ ነው። ያን ጊዜ ጥያቄው ‹የትኛው ኬብል?› መሆኑ ይቀርና ‹እነዚህን ሁሉ ማን፣ እንዴት፣ በየት በኩል አሰራቸው?› ይሆናል። ለዚህ ጥያቄ ማንቂያዎቹን በአንድ ገጽ ላይ ደርድሮ በቦታና በጊዜ የሚያያቸው ሰው ያስፈልጋል። መሥሪያ ቤቱ በሪፖርቱ ማንቂያዎቹ ሙሉ በሙሉ እንዳልደረሱት ገልጿል። ከፊሉ አቅራቢው ዘንድ፣ ከፊሉ መሥሪያ ቤቱ ዘንድ ሆኖ ሲቀር ሥዕሉ ለማንም ሙሉ አይሆንም።

ስለ መጠባበቂያ መስመርም አንድ ነገር ልጨምር። ሁለት መስመር ያለው ዲስክ አንዱ ቢወድቅ በሌላው ይደረስበታል። በስሪ ፓር ላይ እያንዳንዱ ዲስክ ኤ እና ቢ የሚባሉ ሁለት ፖርቶች አሉት፤ አንዱ ሲጠፋ ዲስኩ ‹የተዳከመ› ተብሎ ‹ቢ ፖርት የለም› የሚል ዝርዝር ይጻፍበታል፤ ሥራው ግን ይቀጥላል። በሥዕል ላይ ሁለቱ መስመሮች አንዱ ከሌላው ነጻ ናቸው። በመደርደሪያው ጀርባ ግን በአንድ እጅ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት አጠማዘዝ የታሰሩ ሊሆኑ ይችላሉ። ያን ጊዜ የመስመሮቹ ቁጥር ሁለት ይሁን እንጂ የመውደቂያቸው ምክንያት አንድ ነው። ይህን የሚያሳይ የሁኔታ ቃል በየትኛውም አምራች መሣሪያ ላይ አላየሁም። መደርደሪያውን ከፍቶ በዓይን ማየት ይጠይቃል።

ከ800 ዲስክ 12ቱ

ማከማቻው ውስጥ ከነበሩት 800 ያህል ዲስኮች የተጎዱት 12 ብቻ ነበሩ። የመሥሪያ ቤቱ ሥርዓቶች አብዛኞቹ ግን ቆሙ። ለማያውቀው ሰው ይህ የማይመስል ነገር ነው።

ነገሩ የሚገባን መረጃው እንዴት እንደሚቀመጥ ስናይ ነው። ስሪ ፓር እያንዳንዱን ዲስክ ወደ ትንንሽ ቁርጥራጭ ይከፍለዋል፤ አንድ የመረጃ ክፍል ሲፈጠር ቁርጥራጮቹ ከብዙ ዲስኮች ይሰበሰባሉ። ጥቅሙ ፍጥነት ነው፤ ሁሉም ዲስክ ለሁሉም ሥራ ይሳተፋል። ጉዳቱም ያው ነው። ጥቂት ዲስኮች በአንድ ላይ ሲጠፉ የእያንዳንዱ ሥርዓት መረጃ ትንሽ ትንሹ እነርሱ ላይ አለና ጉዳቱ ለሁሉም ይደርሳል። የመጠባበቂያ ስሌቱ አንድ ወይም ሁለት ዲስክ ከአንድ ቡድን ቢጠፋ ይችላል፤ ከዚያ ካለፈ አይችልም። ‹ለፍጥነት ያደላ አወቃቀር› የሚለው የሪፖርቱ ሐረግ ክብደቱ የሚሰማው እዚህ ላይ ነው።

ዲስኮቹስ ለምን ያን ሌሊት? ሪፖርቱ የሶፍትዌር ጉድለት ይላል። በዲስክ ውስጥ ያለው የስህተት ማስተካከያ ኮድ በደህና ቀን አይነካም፤ መስመር ሲቆራረጥ፣ ትእዛዝ ሲሰረዝና ዳግም ሲመጣ ነው የሚሠራው። ብዙ ያልተፈተነ ኮድ ደግሞ ጉድለት የሚደበቅበት ቦታ ነው። ስለዚህ የታመመ መስመርንና የዲስክ ሶፍትዌርን እንደ ሁለት የተለያዩ ብልሽቶች ማየት አይመቸኝም።

የማገገሚያው ሥራም የራሱ መከራ ነበረው። ሥርዓቶቹን መልሶ ለማቋቋም የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች የተቀመጡት በወደቀው ማከማቻ ላይ ነበር። ማከማቻው እንዳለ ቢወድቅ ምን ይደረጋል የሚለውም አስቀድሞ ተጽፎ አልተፈተነም። የግብር ከፋዮች መረጃ አለመጥፋቱን መሥሪያ ቤቱ አረጋግጧል፤ ሥራው ተመልሶ እስኪቃና ግን ቀናት ወሰደ።

ሁለተኛው ውድቀት

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2017፣ ጥር 25 ቀን 2009፣ ያው ማከማቻ እንደገና ቆመ። በዚህ ጊዜ የተደረገው ነገር ትክክለኛ ነበር፤ ችግር ያለባቸውን የፋይበር ኬብሎች መቀየር። በመቀየሩ ሥራ መካከል ግን ከማከማቻው ጋር የተያያዙ የመረጃ ካርዶች ከቦታቸው ተነቃነቁ። መሥሪያ ቤቱ ሥርዓቶቹን አወረደ።

ይህ ሁለተኛው ክስተት ከመጀመሪያው ያነሰ ይወራለታል፤ ለእኛ በየመረጃ ማዕከሉ ኬብል ለምንነካ ሰዎች ግን የሚቀርበው እርሱ ነው። በጠባብ መደርደሪያ ውስጥ አንዱን ኬብል ሲያወጡ ጎረቤቱ ይነካል። የተነቃነቀ ካርድ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ካልወጣ ፖርቱ አንዴ ኦንላይን፣ አንዴ ኦፍላይን እያለ ሊቀጥል ይችላል።

እንዲህ ባለ ሥራ ላይ የመስመር ሁኔታ የሚነበበው ከሥራው በፊት ነው። እያንዳንዱ ሰርቨር ወደ እያንዳንዱ የዲስክ ክፍል ስንት መስመር እንዳለው፣ ስንቱ በአንደኛው ስዊች፣ ስንቱ በሁለተኛው እንደሚያልፍ ይጻፋል። አራት መሆን ሲገባው ሦስት የሆነ አንድ እንኳ ካለ ኬብል አይነካም፤ የቀረው መስመር ሊነካ በታሰበው በኩል ይሁን በሌላው ስለማይታወቅ። ቆጣሪዎቹ ወደ ዜሮ ይመለሳሉ፤ የድሮ ስህተት ከአዲስ ጋር እንዳይቀላቀል። ከዚያ በአንድ በኩል ብቻ ይሠራል። አንዱ ኬብል ገብቶ ፖርቱ ኦንላይን ሲል ብቻ ወደ ቀጣዩ አይታለፍም፤ ጭነት እንዲያልፍበት ተደርጎ ቆጣሪዎቹና የሚደርሰው የብርሃን ኃይል ይታያሉ። ስህተት ቆጣሪው ዜሮ ላይ ቆሞ ብዙ መረጃ ካለፈ ሌላው በኩል ይጀመራል። ይህ አሰልቺ ነው፤ አንድ ቀን የሚፈጀውን ሥራ ወደ ሁለት ሌሊት ይለውጠዋል፤ የሥራ ኃላፊዎችም አይወዱትም።

ለወትሮውም ቀን ቢሆን የማንቂያ ደንቡ በ‹ወድቋል› እና በ‹ተመልሷል› ላይ ብቻ መቆም የለበትም። አንድ መስመር በቀን ስንት ጊዜ ወድቆ ተነሣ የሚለው ቁጥር ራሱን የቻለ ማንቂያ ይሁን። ወድቆ የተነሣ መስመር በራሱ ወደ ሥራ አይመለስ፤ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ከተወሰነ በላይ ከወደቀ ሰው እስኪያየው ከሥራ ውጭ ይቆይ። ብሮኬድም ሆነ ሲስኮ ስዊች ላይ ስህተት ሲበዛ ፖርቱን በራሱ የሚዘጋ ደንብ ማስቀመጥ ይቻላል። ብዙ ሰው የሚፈራው አንድ መስመር ጠፍቶ ማየትን ነው። በሦስት ጤነኛ መስመሮች የሚሠራ ሰርቨር በሦስት ጤነኛና በአንድ ታማሚ ከሚሠራው ይሻላል፤ በፍጥነትም በጽናትም።

የሙያው ዓለምም ይህን ክፍተት አይቶ በሁኔታዎቹ መዝገብ ላይ አዲስ ቃል ጨምሯል። አዳዲሶቹ የፋይበር ቻናል ስዊቾች አንድ ኬብል ስህተት ሲያበዛ ለሰርቨሩ ማሳወቂያ ይልካሉ፤ በሊኑክስ ከርነል ላይም ከኦንላይንና ከኦፍላይን ሌላ ‹ማርጂናል› የሚል የፖርት ሁኔታ ገብቷል፤ አልሞተም፣ ግን አትታመኑበት እንደማለት ነው። መልቲፓዝ ይህን ምልክት ሲያገኝ መስመሩን ወደ ኋላ አሰልፎ ሌሎቹ ሁሉ ካልወደቁ በቀር አይጠቀምበትም። ይህ እንዲሠራ ስዊቹ፣ የሰርቨሩ ካርድና ሶፍትዌሩ ሦስቱም ሊደግፉት ይገባል። በሊኑክስ መልቲፓዝ ማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ ያለው አማራጭም አስተዳዳሪው ራሱ ካልከፈተው በቀር ዝግ ነው።